ሦስት ሺህ ሰው ባለበት ግሩፕ ማን ይደውል?

ከራሴ ነውር ልጀምር።

ባለፈው ነሐሴ ነው። ደሴ በነሐሴ እንዴት እንደምትሆን ያደገባት ያውቃል፤ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ከተማዋ ላይ ይተኛል፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት መኪናው ሁሉ መብራት አብርቶ ይሄዳል። ከፒያሳ ትንሽ አለፍ ብሎ አንዲት ቁልቁለት ላይ ባጃጅ ተገለበጠ። ድምፁን ሰምቼ ሮጥኩ። ባጃጁ በጎኑ ተኝቷል፣ አንዱ ጎማ ገና ይሽከረከራል። ሾፌሩ አስፋልቱ ላይ ተቀምጦ ግንባሩን በመዳፉ ይዟል፣ ደሙ በጣቶቹ መሃል እየወረደ ሸሚዙን ያርሳል። ተሳፋሪዋ አንድ እግር ጫማዋ የለም። ደንግጣ ነው መሰለኝ፣ ሌላውን ሁሉ ትታ "ጫማዬ፣ ጫማዬ" ትላለች።

ሠላሳ ሰው እንሆን ነበር። ግማሹ ስልኩን አውጥቷል። ሊደውል አይደለም፣ ሊቀርጽ። እኔም ከቀራጮቹ አንዱ ነኝ። የሚገርመው በልቤ "አምቡላንስ ተጠርቷል" ብዬ ነበር። ማን እንደጠራ አላየሁም፣ ማንም ሲጠራ አልሰማሁም፣ ግን ይሄ ሁሉ ሰው ቆሞ እንዴት አይጠራም? ሠላሳችንም እንደዛ ስናስብ ነበር ማለት ነው።

እዛው ጥግ በቆሎ የሚጠብሱ እናት አሉ። ማራገቢያቸውን እንደያዙ ተነስተው መጡና በሱ እየጠቆሙ፣ "አንተ ባለ ቀይ ሹራብ! እሱን ተወውና አምቡላንስ ጥራ። አንተ ባለ ኮፍያ፣ ወደ ላይ ውጣና መኪና አስቁም፣ በዚህ ጉም አይታያቸውም። አንቺ ልጄ፣ ነጠላሽን አምጪ" አሉ። ባለ ቀይ ሹራቡ እኔ ነኝ። ቁጥሩን አላውቀውም ነበር። አጠገቤ ያለው ልጅም አያውቅም። ሦስተኛው ነው "907" ያለን። ባለ ኮፍያው ሮጠ፣ ነጠላዋ ታጥፋ ግንባሩ ላይ ተጫነች፣ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ሰው ጫማዋን አግኝቶ አመጣ።

ሾፌሩ ተሰፍቶ በማግስቱ ቤቱ ገባ። የኔ ቪዲዮ ግን ስልኬ ላይ ቀረ። አርባ ሰከንድ ነው። ማታ ከፍቼ ስሰማው ከጀርባ የራሴ ድምፅ አለበት፤ "ኧረ ሰው ጥሩ!" እላለሁ። ለማን እንደምል እንጃ።

እንዲህ ዓይነት ነገር ስናይ አፋችን ላይ ቶሎ የሚመጣው "ሰው ከፋ፣ ዘመኑ ነው" ነው። እኔ አልስማማም። ክፉ ስለነበርኩ አይደለም የቀረጽኩት። ሠላሳ ስለነበርን ነው።

ነገሩ ከተጠና ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1964 ኒውዮርክ ውስጥ ኪቲ ጄኖቪዝ የምትባል የ28 ዓመት ሴት ሌሊት ወደ ቤቷ ስትገባ በስለት ተወግታ ተገደለች። ኒውዮርክ ታይምስ 38 ጎረቤት እያየ አንድም ሰው ፖሊስ አልጠራም ብሎ ጻፈ፣ ዓለም ጉድ አለ። ኋላ ሲጣራ ግን ወሬው ተጋንኖ ነበር። አብዛኞቹ ድምፅ ሰሙ እንጂ ምን እንደሆነ አላዩም፣ ደውለናል ያሉም ነበሩ፣ አንዲት ጎረቤቷ ደግሞ ወርዳ አቅፋት ነበር። ጋዜጣው ራሱ እ.ኤ.አ. በ2016 የድሮው ዘገባ ስህተት እንደነበረበት ጽፏል። እዩት እንግዲህ፣ ስለ ሰው ዝምታ ዓለም ሁሉ የሚያወራው ታሪክ ራሱ ሳይጣራ የዞረ ወሬ ነበረበት።

ወሬው ግን ሁለት ተመራማሪዎችን አነሳሳ፤ ጆን ዳርሊና ቢብ ላታኔ። ተማሪዎችን ለየብቻ ክፍል አስቀምጠው በድምፅ ማገናኛ እያወያዩ ነው የሞከሩት። መሃል ላይ አንዱ ተወያይ የሚጥል በሽታ እንደተነሳበት ሰው መንተባተብና መጮህ ይጀምራል፤ ድምፁ ቀድሞ የተቀዳ ነው። የሚሰማው እኔ ብቻ ነኝ ብሎ ካሰበው ተማሪ 85 በመቶው ሮጦ ተናገረ። ሌሎች አራት ሰዎችም ይሰማሉ ብሎ ያሰበው ግን 31 በመቶው ብቻ። ሰውየው ያው ነው፣ ጩኸቱ ያው ነው። የተለወጠው "ሌላ ሰው አለ" የሚለው ሐሳብ ብቻ ነው።

ሌላም ሙከራ አላቸው፣ እሱን በጣም ነው የምወደው። ሰው ፎርም በሚሞላበት ክፍል ጭስ ይለቃሉ። ብቻውን ከሆነ 75 በመቶው ወጥቶ ይናገራል። አጠገቡ ምንም እንዳልተፈጠረ የሚያስመስሉ ሁለት ሰዎች ሲቀመጡ ግን 10 በመቶው ብቻ ተናገረ። የቀረው ዓይኑን እያሸ፣ ጭሱን በእጁ እያባረረ ፎርሙን ይሞላል! ምክንያቱም አጠገቡ ያሉት ዝም ብለዋል፣ እነሱ ዝም ካሉ ምንም የለም ማለት ነው። እዚያ ሁለቱ እንዲያስመስሉ የተነገራቸው ነበሩ፤ በእውነተኛው ዓለም ግን ሁላችንም አንዳችን የሌላውን ፊት እያየን ነው ዝም የምንለው።

አሁን ይሄን ወደ ስልክ አምጡት። መንገድ ላይ ቢያንስ የሰው ፊት ታያላችሁ። ስልክ ላይ የምታዩት ቁጥር ነው፤ "2.4 ሺህ ሰው አይቶታል" ይላል፣ ማን እንደደወለ፣ ማን ኢንቦክስ እንደገባ አይልም። በዚያ ላይ ያለቀሰችዋን ኢሞጂ ከተጫናችሁ በኋላ የሆነ ነገር ያደረጋችሁ ይመስላችኋል። ስልክ ላይ የከፋው ይሄኛው ነው፤ ሳንሠራ የሠራን ያስመስለናል።

እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ የፓትሪክ ማርኬይ ጥናት አለ። የያኔዎቹ የቻት ክፍሎች ውስጥ ገብቶ ቀላል እርዳታ ሲጠየቅ፣ ክፍሉ ውስጥ ሰው በበዛ ቁጥር መልሱ ዘገየ። አንድን ሰው በስሙ ጠርቶ ሲጠየቅ ግን መዘግየቱ ጠፋ።

በስሙ ጠርቶ። ሴትየዋ ያደረጉት ይሄንን ነው።

ከሳምንት በኋላ በቆሎ ልገዛ ሄድኩና፣ "እትዬ፣ ያን ዕለት እንዴት አወቁበት?" አልኳቸው። ሳቁብኝ። "ምኑ ይታወቃል ይሄ? ቅሬ ላይ 'እስቲ ውሃ ቅዱ' ብትል ማን ይነሳል? ሁሉም ድንኳን ሥር ቁጭ ብሎ ይተያያል። 'አንቺ ውሃ፣ አንቺ ሽንኩርት፣ አንተ እንጨት ፍለጥ' ነው እንጂ" አሉኝ። በቆሎው ላይ ግን አልቀነሱልኝም።

ወሎ ያልኖራችሁ፣ ቅሬ እናንተ እድር የምትሉት ነው። ሰው ሲሞት ይለፈፋል፣ የቀረ ይቀጣል፣ ሥራ በስም ይታደላል። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል አይደል? ጌጥ የሚሆነው አንድ አንዱ ሲታደል ነው። መሃል ላይ ተከምሮ "አንሱ" ቢባልማ እዛው ይበሰብሳል። ቴሌግራም ግሩፕ ማለት ያ የሎሚ ክምር ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ክምሩን ስለ ማደል ነው፤ እኔ ከሠራሁትና ካበላሸሁት የተማርኩት።

መንገድ ላይ ስልክ ከኪስ ሲወጣ

መጀመሪያ አሁኑኑ፣ ይሄን እያነበባችሁ፣ 907ን መዝግቡት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው። ከሱ ቀጥሎ የሰፈራችሁን ፖሊስ ጣቢያ ስልክ ጠይቃችሁ ያዙ፣ ቀበሌ ሄዳችሁ ብትጠይቁ ይሰጧችኋል። ድንጋጤ ላይ ቁጥር አይታወስም። እኔን ጠይቁኝ።

አደጋ ስታዩ "ተደውሏል?" ብላችሁ በጩኸት ጠይቁ። "ማን ነው የደወለው?" በሉ። "እኔ" የሚል ሰው ካልተገኘ አልተደወለም፣ በቃ፣ እናንተ ደውሉ። ሁለት ሰው ቢደውል ጉዳት የለውም፤ ሁሉም "ተደውሏል" ብሎ ማንም ሳይደውል ከሚቀር። ስትደውሉ ቦታውን በሚታወቅ ነገር ንገሩ፤ እኛ ሀገር የቤት ቁጥር ማንም አይፈልግበትም፣ "ከመስጊዱ በታች፣ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት" በሉ። ከዚያ አንድ ሰው ዋናው መንገድ ላይ ወጥቶ አምቡላንሱን ይጠብቅ። "አንድ ሰው ይውጣ" ብላችሁ ግን አትተዉት፤ ጠቁሙ። ባለ ኮፍያ፣ ባለ ጥቁር ቦርሳ፣ ባለ ሱቁ። ስም ባታውቁም ልብስ ይታያል።

ከዚያ መሥራት የምትችሉትን ብቻ። ደም የሚፈስበትን በንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርጎ መያዝ ማንም ይችላል። ወድቆ አንገቱን ወይም ጀርባውን ያመመውን ሰው፣ እሳት ወይም መኪና ካልመጣበት በቀር፣ እየጎተታችሁ አታንሱት። ውሃም አታጠጡት። እኛ ሀገር የወደቀ ሰው ካለ ሦስት ሰው የታሸገ ውሃ ይዞ ይደርሳል፣ ልብ ደግ ነው፣ ግን ራሱን የሳተ ሰው ውሃው በትንፋሽ መንገድ ሊገባበት ይችላል።

መቅረጽ ሁልጊዜ መጥፎ ነው አልልም። ገጭቶ የሚሮጥ መኪና ታርጋ፣ ሰው የሚደበድብ ሰው፣ ቢቀረጽ ይጠቅማል፤ ለፖሊስ። ቅደም ተከተሉ ነው ቁም ነገሩ። መጀመሪያ ስልክ፣ ከዚያ እጅ፣ ከዚያ ካሜራ። የተጎዳውን ሰው ፊት ደግሞ አትልቀቁ። ኮምቦልቻ የሚሠራ ወንድም ያላት ጎረቤት ነበረችን፤ መጎዳቱን የሰማችው ከቤተሰብ አይደለም፣ ቲክቶክ ላይ ከሥሩ ሙዚቃ ተደርጎበት አይታ ነው። ሙዚቃ!

ጠብ ከሆነ መሃል ካልገባሁ ብላችሁ አትሙቱ። አንዳንዴ ጠቡን ያላየ መስሎ ገብቶ "ይቅርታ ወንድሜ፣ ወደ መናኸሪያ በየት ነው?" ማለት ብቻ ነገሩን ያበርደዋል። ቢላ ካለ ርቃችሁ ደውሉ። ሕጉም ራስህን ግደል አይልም። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 575 የሚቀጣው፣ ራሱንም ሌላውንም አደጋ ላይ ሳይጥል መርዳት እየቻለ፣ ሕይወቱ ወይም ጤናው ከባድ አደጋ ላይ የወደቀን ሰው አውቆ ዝም ብሎ የተወውን ነው። በተዘዋዋሪ መርዳትም መርዳት ነው፤ አንድ ስልክ ይበቃል ማለት ነው።

ይሄን ስል የካሜራ ጥናት ትዝ አለኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከእንግሊዟ ላንካስተር፣ ከአምስተርዳምና ከኬፕታውን የመንገድ ካሜራዎች 219 ጠቦች ተሰብስበው ሲታዩ፣ ከአሥሩ በዘጠኙ ቢያንስ አንድ ሰው ገብቶ ሲያግዝ ተገኝቷል። ሰው ሲበዛም አንዱ የመግባቱ ዕድል ጨምሯል። እኔ ከሁለቱ ዓይነት ጥናቶች የምወስደው ይሄንን ነው፤ ሕዝብ በባሕሪው ድንጋይ አይደለም፣ የማን ሥራ እንደሆነ ሳይታወቅ ሲቀር ነው የሚደርቀው።

ግሩፕ ውስጥ አንድ ሰው ሙድ ሲያዝበት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም በየቀኑ ያለው ይሄ ነው።

አንድ የከተማችን ግሩፕ አለ፣ ስሙን ልተወው፣ ከሦስት ሺህ በላይ ሰው አለበት። አንድ ቀን የአንዲት ልጅ የሠርግ ጭፈራ ቪዲዮ ተለቀቀ። ልጅቷ በደንብ ጨፈረች፣ ከዚያ ቀሚሷን ረግጣ ወደቀች፣ ያ ነው። ሁለት መቶ የሳቅ ኢሞጂ። ስለ ሰውነቷ፣ ስለ ቤተሰቧ፣ ስለማይነገር ነገር ሁሉ ተጻፈ። እኔም አይቼ አለፍኩ። ተመልሼ ስገባ ነው ልብ ያልኩት፤ የአባላቱን ዝርዝር ስከፍት ልጅቷ እዛው ውስጥ ናት። ስሟ አጠገብ "ኦንላይን" ይላል። እያነበበች ነው።

ኢንቦክስ ገባሁ። "ሰላም ነሽ? አንተዋወቅም፣ አንድ ሰፈር ነን። ግሩፑ ላይ ያለውን አይቼ ነው። አይዞሽ" አልኳት። መልሷ ምን ነበር? "አንተም አይተኸዋል ማለት ነው?"

ይሄን አስቡት። ከሁሉ በፊት የመጣባት እፍረቱ ነው። ስለዚህ የተጎዳ ሰው ኢንቦክስ ስትገቡ ምስጋና አትጠብቁ፣ ረጅም ምክርም አትጻፉ፣ "ጠንካራ ሁኚ" አትበሉ። አንድ ልትሠሩት የምትችሉትን ነገር ይዛችሁ ሂዱ። እኔ "አድሚኑን አውቀዋለሁ፣ ልደውልለት?" አልኳት። "ደውልለት" አለች። አስፈቅዱ ማለቴ ነው፤ ቪዲዮው የሷ፣ ስሙም የሷ ነው፣ እናንተ ጀግና ስትሆኑ ነገሩ እንዳይባስባት።

አድሚኑ ስልክ ጠጋኝ ነው፣ ሥራ ላይ ነበር፣ ግሩፑን ከጠዋት ጀምሮ አልከፈተም። በአምስት ደቂቃ ውስጥ አወረደው። "ማንም አልነገረኝም እኮ!" አለኝ። ከሦስት ሺህ ሰው አንድም ሰው አልነገረውም። ሁሉም አድሚኑ አይቶ ዝም ያለ መስሎታል፣ እሱ ዝም ካለ ደግሞ ችግር የለውም ማለት ነው። ያ የጭሱ ክፍል!

እንግዲህ በተግባር። ከማውረዱ በፊት ስክሪንሻት አንሱ፤ የለጠፈው ሰው ስም፣ የአካውንቱ መለያ፣ ቀንና ሰዓቱ የሚታይበት። ነገ ልጅቷ ልክሰስ ብትል ማስረጃዋ እሱ ነው፤ በ2008 የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 በኮምፒዩተር መረብ ሰውን ማስፈራራትንና ስም ማጥፋትን ይቀጣል። ከዚያ አድሚኑን በስሙ፣ በስልክ። "አድሚን የለም ወይ?" ብሎ ግሩፑ ላይ መጻፍ እንደኔ "ኧረ ሰው ጥሩ" ነው። ከዚያ ሪፖርት። ብዙ ሰው "ያውቅብኛል" ብሎ ይፈራል፤ ፌስቡክ ላይ ለጥቃትና ለስድብ ሪፖርት ስታደርጉ ማን እንዳደረገ ለለጣፊው አይነገረውም። ምክንያት ምረጡ ሲላችሁ ዝም ብላችሁ የመጀመሪያውን አትንኩ፣ ከጉዳዩ ጋር የሚገጥመውን ፈልጉ።

ኮሜንት ልጻፍ ካላችሁ ቶሎ ጻፉ፣ አጭር ጻፉ። ቀድሞ የተጻፈው የኋለኛውን ይመራል፤ ሦስት ሰው ከሳቀ አራተኛው ይስቃል፣ አንድ ሰው "ይሄ ደስ አይልም" ካለ ግን ሌላም ሊለው ፈልጎ የነበረ ሰው ብቅ ይላል። "እህት የላችሁም ወይ" የሚለው ስብከት አይሠራም፣ ስንት ጊዜ ተጽፎ ስንት ጊዜ ተሳቀበት። እኔ የምጽፈው፣ "ሳታስፈቅዱ ነው የለጠፋችሁት፣ አውርዱት" ነው። ከዚያ እወጣለሁ። መልስ አልመልስም። ከተሳዳቢ ጋር ሌሊቱን ስትሰዳደቡ ብታድሩ ፌስቡክም ቲክቶክም ኮሜንት የበዛበትን ፖስት ለብዙ ሰው ነው የሚያሳየው፣ የናንተም ስድብ ይቆጠርለታል።

"እዩት ይሄን ባለጌ" ብላችሁ ለማውገዝም ሼር አታድርጉ። ልጅቷ በናንተ በኩልም ደግማ ትወድቃለች።

ሁለት ቀን ቆይታችሁ ደግሞ ጠይቋት። ሁሉም የሚረሳው ይሄንን ነው። "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" ይባላል፣ እውነት ነው፣ ግን ለተነከሰው ሰው ጅቡ ከሄደ በኋላም ቢሆን ጎረቤት መምጣቱ አይከፋም።

የዘመድ ፖስት

ይሄ ደግሞ ያስቸግራል። የሚሳደበው ሰው የማታውቁት ከሆነ ሪፖርት ነው፣ ብሎክ ነው፣ አለቀ። አጎትሽ ሲሆንስ?

ወሎ ውስጥ አንድ ቤት እስላምም ክርስቲያንም አለ፤ ቡናው አንድ ጀበና ነው። ግን ያው ሰው ማታ ስልኩን ይዞ ሲቀመጥ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ የተቃጠለ ቤት ፎቶ አይቶ "የኛን ሰዎች ጨረሷቸው" ብሎ ይለጥፋል። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ወሬ ምን እንደሚያደርግ አይተናል፤ በአንዱ ወሬ ሰው ልጁን አዝሎ ይወጣል፣ በሌላው ይመለሳል፣ ስልክ ሲቋረጥ ደግሞ ወሬው ብቻ ቀረ። ስለዚህ እዚህ ከተማ "ዝም ብሎ ወሬ ነው" የሚባል ነገር የለም።

ፎቶውን ጉግል ሌንስ ላይ አስገቡት፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፣ ብዙ ጊዜ የሌላ ሀገር ወይም የድሮ ሆኖ ይገኛል። ከዚያ ሰው ፊት ሳይሆን በኢንቦክስ፣ ወይ ደውላችሁ፣ "ጋሼ፣ የለጠፉት ፎቶ የኛ ሀገር አይደለም፣ ሰው በስምዎ ክፉ እንዳያወራ ቢያነሱት ብዬ ነው" በሉ። ለክብራቸው እንደተጨነቃችሁ ነው መናገር፤ ደግሞም እውነት ነው። በኮሜንት ካረማችኋቸው በልጅ ላለመሸነፍ ሲሉ ሁለተኛ ይለጥፋሉ፣ ደርሶብኛል።

ካልሰሙ ሕጉን በቀስታ ንገሯቸው። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግርን እስከ ሁለት ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል፤ በንግግሩ ምክንያት ጥቃት ከደረሰ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት። ሐሰተኛ መረጃም ቢሆን ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከተሰራጨ ቅጣቱ ይከብዳል። "እኔ እኮ ሼር ነው ያደረግኩት" የሚል ሰው ሼር ማሰራጨት መሆኑን ይወቅ።

"ደክሞኛል፣ ሁላችሁንም ይቅር በሉኝ"

ይሄን ዓይነት ፖስት ስታዩ ከሥሩ "ምን ሆነህ ነው ወንድሜ"፣ "አይዞህ ብሮ"፣ "ጸልይ" የሚሉ ሠላሳ ኮሜንቶች ይኖራሉ። ሠላሳ ሰው ጻፈለት ማለት ሠላሳ ሰው ደወለለት ማለት አይደለም። ደውሉ። ካላነሳ ቤቱን ወይም የሚቀርበውን ሰው የሚያውቅ ፈልጉና እሱን በስሙ ጠርታችሁ "አንተ አሁን ሂድ፣ ስትደርስ ደውልልኝ" በሉት።

ስታገኙት በቀጥታ ጠይቁት፤ "ራስህን ለመጉዳት እያሰብክ ነው?" ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን አይጨምርበትም፣ እንዲያውም ትንፋሽ ይሰጠዋል። አትቆጡት፣ ኃጢአቱን አትቁጠሩበት። "አዎ" ካለ ብቻውን አይደር። ሊጎዳበት የሚችለውን ነገር ከአጠገቡ አርቁና ይዛችሁት ሆስፒታል ሂዱ። "ለማንም እንዳትናገር" ቢላችሁም ይሄን አንዱን ምስጢር አትጠብቁለት።

እናንተ እርዳታ ፈላጊ ስትሆኑ

እስካሁን ያልኩት ስለ ተመልካች ነው። አንድ ቀን ደግሞ ጠያቂው እናንተ ትሆናላችሁ፣ ያኔ አጠያየቁ ነው ነገሩ።

የአንድ የኮምቦልቻ ዘመዴ ልጅ፣ ያኔ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፣ ከትምህርት ቤት ሳይመለስ ቀረ። እናቱ መጀመሪያ የለጠፈችው እንዲህ ይላል፤ "እባካችሁ ልጄ ጠፋብኝ፣ ያያችሁ ስለ ፈጣሪ ሼር አድርጉ።" አምስት መቶ ሼር ደረሰ። ስልክ ቁጥር የለበትም። ሰዓት የለበትም። ምን እንደለበሰ አይልም። ሰው ሼር ያደርግና ሥራዬን ሠራሁ ብሎ ይተኛል፤ ቢያየውስ ለማን ይደውላል?

ስንደርስ ቁጭ ብለን እንደገና ጻፍነው። መጀመሪያ ቀንና ሰዓት፤ "ዛሬ ሐሙስ ሰባት ሰዓት ላይ።" ከዚያ ለመጨረሻ የታየበት ቦታ፣ ሰማያዊ ዩኒፎርም፣ ግራ ጉልበቱ ላይ የተጣፈ ሱሪ፣ የሚደወልበት ቁጥር፣ የጠራ አንድ ፎቶ። ይሄ ለሁሉም ሰው ነው። ዋናው ሥራ ግን በኢንቦክስና በስልክ ነበር። የባጃጅ ማኅበሩን አስተባባሪ ስሙን ጠርቼ፣ "አንተ መናኸሪያውን አስፈትሽልኝ፣ አሥር ሰዓት ላይ እደውልልሃለሁ" አልኩት። ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠራ የአክስቴን ልጅ፣ "አንቺ ፈረቃ ሲወጣ በሩ ላይ ያሉትን ጠይቂልኝ።" አባቱ ፖሊስ ጣቢያ ሄደ፤ ልጅ ሲጠፋ 24 ሰዓት ጠብቁ የሚለውን ወሬ አትስሙ፣ ወዲያው ሂዱ። አንድ ሰው ቤት ቀረ፣ ልጁ ራሱ ቢመለስ።

እያንዳንዱ ሰው አንድ ቦታና አንድ ሰዓት ነበረው። ሰዓት ስጡ፤ "ካየህ ንገረኝ" ከተባለ ሰው "አሥር ሰዓት እደውልልሃለሁ" የተባለው ነው የሚንቀሳቀሰው፣ ሲደወልለት ምን እንደሚል ያስባላ።

ገንዘብ መሰብሰብ ካለባችሁም ያው ነው። የሕክምና ወረቀቱ፣ የሂሳቡ ባለቤት ስም፣ ስንት እንደተፈለገና ስንት እንደገባ በየቀኑ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባልበት ዘመን ነው፤ ሰው ቢጠይቃችሁ አትቀየሙ፣ ጠይቆ የሚሰጥ ሰው ነው የሚሻለው። እናንተም የሌላውን ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ቁጥሩ ላይ ደውሉ።

ልጁን ያገኘው አንድ ባጃጅ ነጂ ነው፤ መናኸሪያው ውስጥ፣ አውቶቡስ ሥር ኳሱን ሲፈልግ። ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ተደወለ። እናቱ አለቀሰች፣ ገረፈችው፣ አቀፈችው፣ በዚሁ ቅደም ተከተል።

አንድ ነገር ግን ረሳን። ሰው ሲገኝ የመጀመሪያውን ፖስት ከላዩ "ተገኝቷል" ብላችሁ አርሙት፣ ፎቶውን አንሱት፣ ቁጥሩን አጥፉት፣ ያጋሩትንም አውርዱ በሏቸው። ያን ማታ ደስታው አስረሳን፣ እኛ በነጋታው ያረምነው ሁለተኛውን ብቻ ነበር፣ የመጀመሪያው እንዲሁ ቀረ። ልጁ አሁን አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ትከሻዬ ደርሷል። ባለፈው ወር ከእናቱ ጋር ገበያ ሲሄድ አንዲት ሴትዮ አስቁማ እጁን ጭምቅ አድርጋ ያዘችው፣ ስልኳን አወጣችና ፎቶውን አሳየችው። "አንተ የጠፋኸው ልጅ አይደለህም?" አለችው። እናቱ ጎኑ ቆማለች።

አልለቅም አለች ሴትዮዋ። አባቱ ተደውሎለት እስኪመጣ ድረስ።